ከእንጨት የተቀረጹ ፊደላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን የመፃጉዕን ታሪክ ታስባለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት በደዌ የኖረው ይህ ሰው፣ ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ የሰጠው መልስ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ስለ ሰውነቱ መድከም አላማረረም፤ ስለ ሕመሙ ጽናትም አልተናገረም። የተናገረው ውኃው በተናወጠ ጊዜ አንሥቶ ወደ መጠመቂያው የሚያደርሰው ሰው ያጣ መሆኑን ነው (ዮሐ. 5፥7)። በአምስቱ መመላለሻዎች ሕዝብ ሞልቶ ሳለ፣ በበዓል ቀን ኢየሩሳሌም በእንግዳ ተጨናንቃ ሳለ፣ እርሱ ሰው አልነበረውም። ከደዌው ይልቅ የከበደው ይህ ነበር።

የአካል ጉዳት ያለባቸው ወንድሞችና እኅቶች ሕይወት በማኅበረሰብ ዘንድ ምን ያህል ዋጋ አለው? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። በየዘመኑ የነበሩ ሕዝቦች መልስ ሰጥተውበታል፤ አንዳንዶቹ በሕግ፣ አንዳንዶቹ በሰይፍ፣ አንዳንዶቹም በፍቅር። በዚህ ጽሑፍ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ከተማ የኖረውን የሊቁን የዲዲሞስን ታሪክ ይዘን ጥያቄውን እንመለከታለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ሕፃን የሚመዘንበት ዓለም

ዲዲሞስ የተወለደበትን ዓለም ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ልማድ ማወቅ ይገባል። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደተረከው በስፓርታ ሕፃን ሲወለድ አባቱ ብቻውን ስለ ልጁ መወሰን አይችልም ነበር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሕፃኑን ይመረምሩታል፤ ጠንካራና ደኅና ሆኖ ከተገኘ እንዲያድግ ይፈቅዳሉ፤ ደካማ ወይም ጎደሎ ከሆነ ግን በተራራ አጠገብ ወዳለ ገደል ይላካል። በሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጣው የዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ከባድ የአካል ጉድለት ይዞ የተወለደ ሕፃን ፈጥኖ እንዲገደል ያዝዝ ነበር።

ይህ የጨካኞች ሥራ ብቻ ተደርጎ እንዳይታሰብ፣ ታላላቆቹ ፈላስፎችም ደግፈውታል። አርስጣጣሊስ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው መጽሐፉ የአካል ጉድለት ያለበት ሕፃን እንዳያድግ የሚከለክል ሕግ ሊኖር እንደሚገባ አስተምሯል። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካም ደካማና ጎደሎ ሆነው የተወለዱትን ሕፃናት በውኃ ማስጠም የቁጣ ሥራ ሳይሆን የማስተዋል ሥራ መሆኑን ጽፏል። እንዲህ የጻፉት ሰዎች በዘመናቸው የተከበሩና በጨዋነታቸው የታወቁ ነበሩ። ክፋቱ በሰዎቹ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በያዙት ሚዛን ላይ ነበር፤ ሚዛኑም ይህ ልጅ ለከተማው ምን ይጠቅማል የሚል ነው።

በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ አንድ የፓፒረስ ደብዳቤ ይህ ሚዛን በተራው ሰው ቤት ምን ይመስል እንደነበር ያሳየናል። ደብዳቤው ከጌታ ልደት በፊት በ1ኛው ዓመት የተጻፈ ሲሆን፣ ለሥራ ወደ እስክንድርያ የሄደ አንድ ባል ለነፍሰ ጡር ሚስቱ የላከው ነው። ባልየው ሚስቱን እንደሚያስባት በፍቅር ይገልጽላታል፤ ደመወዙን እንደተቀበለ ገንዘብ እንደሚልክላትም ተስፋ ይሰጣታል። በዚያው ደብዳቤ መካከል የምትወልደው ወንድ ከሆነ እንድታሳድገው፣ ሴት ከሆነች ግን አውጥታ እንድትጥላት ያዝዛታል። ሴት ልጅ ብቻ ስለሆነች የምትጣል ከሆነ፣ ዐይኑ የማያይ ወይም እግሩ የማይሄድ ሕፃን ዕጣ ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የጥንት ክርስቲያኖች ከጎረቤቶቻቸው ከተለዩባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ልማድ አለመቀበላቸው ነው። ዲዳኬ ተብሎ የሚታወቀው የመጀመሪያው ዘመን የትምህርት መጽሐፍ ሕፃናትን መግደልን ከነፍስ ግድያ ጋር ይቆጥረዋል። በመንግሥት ሕግ ሕፃን መግደል በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ የተደነገገው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በ374 ነው። በዚያን ጊዜ በእስክንድርያ አንድ ዐይነ ስውር ሊቅ በመምህርነት ወንበር ተቀምጦ ያስተምር ነበር።

የጣት ንባብ

ዲዲሞስ በ313 ገደማ በእስክንድርያ ተወለደ። አራት ዓመት ሲሆነው፣ ፊደል ሳይቆጥር፣ የዐይኑን ብርሃን አጣ። ይህን የሚነግረን የመነኮሳትን ታሪክ የጻፈው ጳላድዮስ ነው፤ እርሱም በዐሥር ዓመታት ውስጥ አራት ጊዜ ወደ ዲዲሞስ እየሄደ ጎብኝቶታል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን ደግሞ ዲዲሞስ ፊደልን እንዴት እንደተማረ ሲተርክ፣ ፊደላቱ በእንጨት ገበታ ላይ ጠልቀው ተቀርጸውለት ሕፃኑ በጣቱ እየዳሰሰ ቅርጻቸውን እንደለየ ይናገራል። ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ንባብ ተሸጋገረ። ከዚያም በጆሮው እየሰማና በልቡናው እየያዘ መጻሕፍተ ብሉያትን፣ መጻሕፍተ ሐዲሳትን፣ ሰዋስውን፣ ሒሳብን፣ ጂኦሜትሪን፣ የከዋክብትን ትምህርት አጠና። ጂኦሜትሪን ያለ ዐይን መማሩ በተለይ በዘመኑ የነበሩትን ሰዎች እጅግ አስደንቋል። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ዐይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን ጽሕፈት በ1820ዎቹ ከማዘጋጀቱ ከ1500 ዓመታት በፊት፣ በእስክንድርያ አንድ ሕፃን በጣቱ ያነብብ ነበር።

የዚህ ታሪክ አድናቂዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደንቁት የዲዲሞስን ብርታት ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን እንጨቱን የቀረጸውን ሰውም ልናስብ ይገባል። አንድ ሰው ቢላዋና ገበታ ይዞ ተቀምጦ፣ ይህ ልጅ መማር አለበት ብሎ አምኖ፣ ፊደላቱን አንድ በአንድ ቀርጿል። ስሙ በታሪክ አልተጻፈም። መፃጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያጣው እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ዲዲሞስ ግን በልጅነቱ አገኘው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደዌያቸው መጠን አይደለም። አንዱ ሰው ነበረው፤ ሌላው ሰው አልነበረውም።

እንጦንስ የጠየቀው ጥያቄ

የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ አርዮሳውያንን ለመቃወም ከበረሃ ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ ዲዲሞስን አገኘው። ከዲዲሞስ ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበረው ሄሮኒሞስ የሁለቱን ንግግር ጽፎልናል። ቅዱስ እንጦንስ ስለ መጻሕፍት ምሥጢር ከተጨዋወቱ በኋላ የዐይኑን ብርሃን በማጣቱ ያዝን እንደሆነ ጠየቀው። ዲዲሞስ አፍሮ ዝም አለ። ዳግመኛ ጠየቀው፤ አልመለሰም። ሦስተኛ ሲጠይቀው ግን ማዘኑን በግልጥ አመነ። ያን ጊዜ ቅዱስ እንጦንስ፣ ጉንዳንና ዝንብ እንኳ ባላቸው ዐይን ማጣት ማዘን እንደማይገባ፣ ይልቁንም ቅዱሳንና ሐዋርያት ባገኙት የውስጥ ዐይን ደስ ሊሰኝ እንደሚገባ ነገረው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማጽናናቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዲዲሞስ እውነተኛነት ነው። ሊቁ ሐዘኑን አልደበቀም። ጉዳቱ ጉዳት አይደለም ብሎ አላስመሰለም። ቅዱስ እንጦንስም ሦስት ጊዜ የጠየቀው መልሱን ከዲዲሞስ አንደበት ለመስማት ነው። የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው ማክበር ሐዘኑን መካድ ማለት አይደለም። ስለ እርሱ ከመናገራችን በፊት እርሱን መጠየቅ፣ መልሱንም በትዕግሥት መጠበቅ ይገባናል። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ዐይነ ስውሩ ቆሞ ሳለ አጠገቡ ያለውን ሰው ምን እንደሚፈልግ እንጠይቃለን።

ሄሮኒሞስ ይህን ታሪክ የጻፈው በ397 ገደማ ካስትሩስዮስ ለተባለ ዐይነ ስውር ሰው በላከው የማጽናኛ ደብዳቤ ነው። የዲዲሞስ ሕይወት ገና በሕይወት ሳለ ለሌላው ዐይነ ስውር መጽናኛ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በአንድ እጅ ሁለት ብርሃን

በእስክንድርያ የነበረው የትምህርተ ሃይማኖት ትምህርት ቤት እነ ቀለሜንጦስና እነ አርጌንስ ያስተማሩበት ታላቅ ጉባኤ ቤት ነው። ዲዲሞስ በዚህ ጉባኤ ቤት ሲያስተምር ሹመቱን ያጸደቀለት ሐዋርያዊው ቅዱስ አትናቴዎስ መሆኑን ደቀ መዝሙሩ ሩፊኖስ ጽፏል። ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ ቆም ልንል ይገባናል። የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሾሞ ወደ አክሱም የላከው ይኸው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የፍሬምናጦስንና የኤዴስዮስን ታሪክ፣ ወደ ሀገራችን የመምጣታቸውንና የጵጵስናውን ነገር፣ በጽሑፍ ካስተላለፉልን ቀደምት ጸሐፊዎች ዋነኛው ደግሞ ይኸው ሩፊኖስ ነው፤ እርሱም በዲዲሞስ እግር ሥር ለዓመታት ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው። ለኢትዮጵያ ከሣቴ ብርሃንን የሰጠች እጅ ዐይኑ የማያየውን ሰው የእስክንድርያ መምህር አድርጋዋለች፤ የክርስትናችንን መግቢያ ታሪክ የጻፈልን ብዕርም ከዚያ ዐይነ ስውር ወንበር ሥር የተማረ ነው።

ዲዲሞስ ካህን አልነበረም፤ ዕድሜውን ሁሉ በምእመንነትና በመምህርነት አገለገለ። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ጥንታውያን ቀኖናት አንድ ዐይኑን ወይም እግሩን የተጎዳ ሰው የተገባው ሆኖ ከተገኘ ኤጲስ ቆጶስ ከመሆን እንዳይከለከል ይደነግጋሉ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዱ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ ጉድለት እንጂ የሥጋ ጉድለት አይደለም ይላሉ። ፈጽሞ የማያይ ወይም የማይሰማ ሰው በዚያ መዓርግ እንዳይሾም ሲከለክሉም እንኳ ርኵስ ስለሆነ ሳይሆን አገልግሎቱ እንዳይሰናከል መሆኑን ለይተው ይናገራሉ። ሥጋ መጎዳቱ እርግማን ነው የሚለው አሳብ ከዚህ አይቀዳም።

ዲዲሞስ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት የጻፈውን መጽሐፍ ሄሮኒሞስ ወደ ላቲን ቋንቋ ተርጉሞታል። ሄሮኒሞስ በ386 ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከእርሱ ሲማር ራሱ ሽበት ጀምሮት ነበር። ስለ መምህሩ ሲጽፍም ዕውር ከማለት ይልቅ የሚያይ ብሎ ጠርቶታል። ዲዲሞስ በ398 ገደማ በሰማንያ አምስት ዓመቱ ዐረፈ።

ሊቅ ያልሆኑትስ?

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንፈጽመው ደስ የሚያሰኝ ትምህርት ይዘን እንሄድ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተትም ይዘን እንሄዳለን። ዐይነ ስውር ሊቅ ሊሆን ይችላልና ሕይወቱ ዋጋ አለው ብንል፣ ሳናውቀው የስፓርታን ሽማግሌዎች ሚዛን ተቀብለናል። እነርሱም የጠየቁት ይህ ልጅ ምን ይጠቅማል ብለው ነው። እኛ ደግሞ ዲዲሞስን አቅርበን፣ እነሆ ጠቀመ ብለን መለስን። ታዲያ ፊደል ሊቆጥር የማይችለው፣ ስሙን ሊጠራ የማይችለው፣ ዕድሜውን ሁሉ በእናቱ እጅ የሚጎርሰው ልጅስ? እርሱ መጽሐፍ አይጽፍም፤ ወንበርም አይዘረጋም። በሚዛኑ ላይ ቢቀመጥ ይወድቃል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች መልስ ግን ሚዛኑን መስበር ነበር። በዲዲሞስ ዘመን በቀጰዶቅያ በምትገኘው በቂሣርያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ቅዱስ ባስልዮስ ከረኃቡ በኋላ ኤጲስ ቆጶስ በሆነ ጊዜ ከከተማው ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶች፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች ማረፊያ የሚሆኑ ቤቶችን አሠራ፤ ሐኪሞችንና አገልጋዮችንም መደበ። ሥፍራው በስሙ ባስልያዳ ተባለ። በዚያ ዘመን ለምጽ ያለበት ሰው ከቤቱ፣ ከገበያው፣ ከውኃ ምንጩ ሳይቀር ይባረር ነበር። ወዳጁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ስለ ድኆች ፍቅር ባስተማረው ትምህርቱ የእነዚህን ሰዎች መከራ ሲገልጽ፣ እናት የራሷን ልጅ ለማቀፍ እንደምትፈራ እያነሣ ያለቅሳል። ቅዱስ ባስልዮስ ባረፈ ጊዜም ስለ እርሱ በሰጠው ምስክርነት፣ ያንን ሥፍራ አዲስ ከተማ ብሎ ጠራው፤ ከክቡር ቤተ ሰብ የተወለደው ባስልዮስ ለምጻሞቹን በከንፈሩ ለመሳም ያልተጸየፈ መሆኑንም መሰከረ።

እነዚያ ሕሙማን ለቂሣርያ ምን ጠቀሙ? በስፓርታ ሚዛን ምንም። መጽሐፍ አልጻፉም፤ ግብር አልከፈሉም፤ ብዙዎቹም ሳይፈወሱ ሞቱ። ቅዱስ ባስልዮስ ግን ስለሚሰጡት ነገር አልጠየቀም። በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠሩ፣ ክርስቶስም የሞተላቸው ሰዎች መሆናቸው በቂው ነበር። የሰው ክብር የሚመጣው ከሠራው ሥራ ሳይሆን ከፈጠረው ጌታ ነው። ዲዲሞስ የከበረው ሊቅ ስለሆነ አይደለም፤ ክቡር ስለሆነ ፊደል ተቀረጸለት፤ ፊደል ስለተቀረጸለት ሊቅ ሆነ።

1933 ዓ.ም.

ይህ አሮጌ ሚዛን በክርስትና ዘመን ጨርሶ የጠፋ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት፣ እጅግ በሠለጠነችው በጀርመን ተመልሶ ተነሣ። በ1920 ካርል ቢንዲንግ የተባለ የሕግ ሊቅና አልፍሬድ ሆኸ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ለመኖር የማይገባ ሕይወት አለ የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933፣ ሐምሌ ወር ላይ በወጣው ሕግ መነሻነት ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ እንዳይወልዱ ተደረጉ። በትምህርት ቤት የሒሳብ መጻሕፍት ልጆች አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ለመንግሥት በቀን ስንት እንደሚያስወጣ እንዲያሰሉ የሚያዝዙ ጥያቄዎች ወጡ።

ከዚያም ግድያው መጣ። ሂትለር በጥቅምት 1939 ፈርሞ ጦርነቱ ወደ ጀመረበት ወደ መስከረም 1 ባስቀደመው አንድ ወረቀት ሐኪሞች አይድኑም ያሏቸውን ሕሙማን እንዲገድሉ ፈቀደ። ሥራው ይመራበት ከነበረው በበርሊን ከሚገኝ ቤት አድራሻ የተነሣ ቴ-4 ተብሎ ተጠራ። ሐኪሞች የተላከላቸውን ቅጽ እያዩ፣ ሕመምተኛውን ሳያዩ፣ በቀይ የመደመር ምልክት ሞት ይፈርዱ ነበር። ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ ሕመምተኛው ሥራ መሥራት ይችላል ወይ የሚል ነው። በስድስት ሥፍራዎች በመርዝ ጋዝ ተገደሉ፤ ለቤተ ሰቦቻቸውም የሐሰት የሞት ምክንያት የተጻፈበት ደብዳቤ ተላከ። ገዳዮቹ ራሳቸው በያዙት መዝገብ እስከ ነሐሴ 1941 ድረስ 70,273 ሰዎችን ገድለዋል። በእነርሱ መሞት ምን ያህል እንጀራና ገንዘብ እንደተቆጠበም አስልተው ጻፉ።

የሙንስተር ከተማ የካቶሊክ ጳጳስ ፎን ጋለን ነሐሴ 3 ቀን 1941 በዐውደ ምሕረት ይህን ግድያ በግልጥ አወገዘ። የመከራከሪያ አሳቡ ቀላልና አስፈሪ ነበር፤ ሥራ የማይሠራን ሰው መግደል ከተፈቀደ፣ ሁላችን ስናረጅ፣ ስንታመም፣ ወታደሩም ቆስሎ ሲመለስ ወዮልን የሚል ነበር። ስብከቱ በድብቅ እየተባዛ በሀገሩ ሁሉ ተሰራጨ። ነሐሴ 24 ቀን ሂትለር የጋዙ ግድያ እንዲቆም አዘዘ። በረኃብና በመድኃኒት የሚፈጸመው ግድያ ግን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቀጠለ፤ የሟቾቹም ቁጥር እስከ ሩብ ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ከተገደሉት ብዙዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት ከሚተዳደሩ መጠለያዎች ጭምር የተወሰዱ ናቸው። ሲወሰዱ ያልተናገሩ ክርስቲያኖች ከተናገሩት እጅግ ይበልጡ ነበር።

ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1933 ዓ.ም. ነው፤ ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገብተው ኢትዮጵያ ነፃነቷን ያስመለሰችበት ዓመት። በዚያው በ1941 በግብፅ አንድ ነገር ሆነ። ከካይሮ በስተደቡብ በምትገኘው በቱራ፣ የእንግሊዝ ጦር ጥይት የሚያከማችበት ሥፍራ ሲፈልግ፣ ጥንታዊ የድንጋይ መቁረጫ ዋሻ የሚጠርጉ ሠራተኞች በፍርስራሹ ውስጥ የፓፒረስ መጻሕፍት አገኙ። ከመጻሕፍቱ መካከል የኦሪት ዘፍጥረት፣ የኢዮብ፣ የመዝሙረ ዳዊት፣ የመክብብና የዘካርያስ ትርጓሜዎች ነበሩባቸው። የዲዲሞስ ሥራዎች ናቸው። ከአርጌንስ የወረሳቸው አንዳንድ አሳቦች ካረፈ ከመቶ ኀምሳ ዓመታት በኋላ ክርክር አስነሥተው መጻሕፍቱ ሳይገለበጡ ቀርተው ነበርና፣ ብዙዎቹ ለዘለዓለም እንደጠፉ ይታሰብ ነበር።

በአንዱ ሀገር ሐኪሞች ዐይነ ስውሩንና የአእምሮ ሕመምተኛውን ለመኖር የማይገባ ሕይወት ብለው በቅጽ ላይ ምልክት ሲያደርጉ፣ በሌላው ሀገር ምድር የአንዱን ዐይነ ስውር ቃል ከሆዷ አወጣች። ይህን የምንጽፈው ሊቅነቱ ሕይወቱን እንዳጸደቀለት ለማሳየት አይደለም። በጋዝ ከተገደሉት ሰዎች መካከል ሌላ ዲዲሞስ ባይኖር እንኳ፣ አንድም የሚጽፍ፣ አንድም የሚናገር ባይኖር እንኳ፣ ደማቸው ያው ደም ነው።

ወደ እኛ ደጅ

እኛ ሕፃን ወደ ገደል አልጣልንም፤ ቅጽ ሞልተንም አልገደልንም። ነገር ግን መፃጉዕን ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተኛው ሰይፍ አልነበረም፤ በአጠገቡ የሚያልፍ ሕዝብ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የአካል ጉዳት እንግዳ ነገር አይደለም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ በአንድ እግራቸው ቆመው የሚጸልዩትን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል እንሳለማለን። ከቁመት ብዛት እግራቸው የተሰበረበትን ቀን ጥር 24 ስባረ አጽሙ ብለን እናከብራለን። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዐይነ ስውራን ተማሪዎች የቃል ትምህርቱን፣ ዜማውንና ቅኔውን በጆሯቸው ሰምተው በልቡናቸው ይዘው ለመምህርነት ደርሰዋል። ቅኔ በልቡና ተቆጥሮ በቃል የሚዘረፍ ነውና ጉባኤው ለእነርሱ ዝግ አልነበረም። የአብነት ተማሪ ዐይነ ስውር ጓደኛውን በበትር እየመራ ከደብር ወደ ደብር ሲሄድ፣ ሳያውቀው የዲዲሞስን እንጨት ይቀርጽ ነበር።

እንዲህም ሆኖ በአንድ እግራቸው የቆሙትን ጻድቅ ሥዕል ተሳልመን ስንወጣ፣ በአንድ እግሩ በምርኩዝ የቆመውን ሰው በር ላይ ሳናየው እናልፋለን። ሳንቲም ጥለንለት እንኳ ስሙን አንጠይቀውም። በየቤቱ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ አለ። ጎረቤት ምን ይላል፣ የእኅቱ ትዳር ይሰናከላል፣ ቁጣ ነው፣ እርግማን ነው ይባላል። ይህ ጥያቄ ግን ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9፥3)። ከዚህ በኋላ የልጁን ጉዳት የወላጆቹ ኃጢአት ውጤት አድርጎ የሚፈርድ ክርስቲያን ከጌታው ቃል ጋር ይጣላል።

ሌላም እናት አለች። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጇ በቅዳሴ ሰዓት ድምፅ ስላሰማ ሰዎች ዘወር ብለው ተመለከቷት፤ አንዱም እንድታወጣው በእጁ ጠቆማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ቤቷ ትቀራለች። ልጁ ግን ተጠምቋል፤ ሜሮን ተቀብቷል፤ ሥጋውን ደሙን ለመቀበል ከማናችንም ያነሰ መብት የለውም። እርሱን ከቤተ መቅደስ ያራቀው ሕመሙ ሳይሆን የእኛ ዐይን ነው።

በሀገራችን በ2000 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚያስከብር አዋጅ ቁጥር 568 ወጥቷል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተቀብላ አጽድቃለች። ሕግ በር ያስከፍታል፤ በበሩ ላይ ቆሞ ግባ የሚል ሰው ግን ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ለማድረግ ብዙ ሀብት አያስፈልጋችሁም። በአጥቢያችሁ ስንት ዐይነ ስውራን፣ ስንት መስማት የተሳናቸው፣ ስንት ከቤት የማይወጡ ልጆች እንዳሉ ታውቃላችሁን? ካላወቃችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ ሂዱና ጠይቁ። ከመካከላችሁ ሁለት ሦስቱ የምልክት ቋንቋ ቢማሩ ስብከቱ ላልሰሙት ይደርሳል። በደጀ ሰላሙ ደረጃ አጠገብ የእንጨት ወይም የሲሚንቶ መወጣጫ ቢሠራ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያለው ወንድማችሁ በሰው ትከሻ ከመጫን ይድናል። የትምህርታችሁን ጽሑፍ በድምፅ ቀድታችሁ ብትሰጡት ዐይነ ስውሩ አብሯችሁ ያጠናል። ከቤት የቀረችውን እናት ሄዳችሁ እሑድ አብረን እንሂድ፣ ልጁን በየተራ እንይዛለን ብትሏት፣ ባስልያዳን በአጥቢያችሁ ሠራችሁ። በመዝሙሩም፣ በትምህርቱም፣ በአመራሩም ቦታ ስጧቸው። የሚያገለግሉም እንጂ የሚረዱ ብቻ አይደሉም። ማገልገል ለማይችሉትም ያው ቦታ ይገባቸዋል።

ንጉሥ ዳዊት በአምስት ዓመቱ ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ እግሩ ሽባ የሆነውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ፈልጎ ባስመጣው ጊዜ ሥራ አልሰጠውም፤ ብቃቱንም አልፈተነም። በማዕዱ አጠገብ ቦታ ሰጠው፤ ሜምፊቦስቴም ዘወትር ከንጉሡ ገበታ ይበላ ነበር (2ኛ ሳሙ. 9)። በገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ የማንም እግር አይታይም። የመንግሥተ ሰማያት ማዕድም እንዲህ ነው፤ በዚያ ሁላችንም የተጋበዝን እንጂ ተመዝነን የገባን የለንም።

በመጪው የመፃጉዕ እሑድ ያ የአልጋ ቁራኛ ስላጣው ሰው ወንጌሉ ሲነበብ፣ ያ የጠፋው ሰው ማን እንደሆነ እናስተውል። እኛ ነን።

ለሁላችን የሚያይ ልቡና ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።